አይረንሞንገር፦ አንድ ታፔላ ያስነሳው ክር

ኢንተርኔት ላይ ባለው መድረካችን አይረንሞንገር ምን ማለት ነው ብዬ የከፈትኩት ክር (የመልሶቹ ሰንሰለት) 41 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ደግሞ ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄውን የጣልኩት እኔው ራሴ፣ የተባባልነውን በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም፣ ስምም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው እንዲህ ነው። የምኖረው ለንደን ነው። የወጥ ቤቴ ቁም ሣጥን ማጠፊያ ተገንጥሎ በሩ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። አንድ ቅዳሜ ማጠፊያ ፍለጋ ወጣሁ። ትልልቆቹ መደብሮች ከተማው ዳር ናቸው፣ እኔ ደግሞ መኪና የለኝም። ከሰፈሬ ብዙም ሳልርቅ አንድ ያረጀ ሱቅ አየሁ። ደጁ ላይ ባልዲ፣ መጥረጊያና መሰላል ተደርድሯል። ከበሩ በላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው ግን ሃርድዌር አይልም፤ አይረንሞንገር ይላል። አይረን ብረት መሆኑን አውቃለሁ። ሞንገር ላይ ቆምኩ። ይህን ቃል የማውቀው ከዜና ነው፣ ዋርሞንገር ሲሉ። ጦር ናፋቂ፣ ጦርነት ቆስቋሽ ማለታቸው ነው። ታዲያ ይሄ ባለሱቅ ብረት ናፋቂ ነው? ብረት ቆስቋሽ? ማታ ይህንኑ ጻፍኩና ተኛሁ።

1ኛ መልስ። ከሊድስ የምትጽፍ እህት ናት። ጨዋ መልስ ሰጠችኝ። ሞንገር ማለት ነጋዴ ነው፣ በቃ፣ አለች። ዓሣ ሻጩ ፊሽሞንገር፣ አይብ ሻጩ ቺዝሞንገር ይባላል፤ የብረቱ ደግሞ አይረንሞንገር። ደህና እደሩ ብላ ወጣች። ክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁላችንም በጊዜ እንተኛ ነበር።

2ኛ መልስ ይህንኑ ያጠናክራል። ብረት ሲባል ጥሬ ብረት ብቻ እንዳይመስላችሁ ይላል። ነገሩ በብረት ዘንግ ቢጀምርም በኋላ ምስማሩም፣ ቁልፉም፣ ሰንሰለቱም፣ ድስቱም፣ ላምባውም እዚያው ገባ። አሜሪካኖቹ ሃርድዌር፣ እኛ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የምንለው መሆኑ ነው። እንግሊዝ አገርም ሃርድዌር የሚል ታፔላ ሞልቷል፤ አይረንሞንገር የሚለው ግን በዕድሜ ይበልጠዋል።

3ኛው መልስ ላይ ነገር ተበላሸ። ጸሐፊው እንቅልፍ አጥቶ ሲያስብበት እንዳደረ ገልጿል። ሞንገር ከአማርኛው መንገር የመጣ ነው ይላል። ማስረጃውም አለው፦ እንግሊዞች ወሬኛን ጎሲፕሞንገር ይሉታል፤ ወሬ ነጋሪ ማለት አይደለም ወይ? ስለዚህ ቃሉን ከእኛ ነው የወሰዱት። ከሥሩ ስድስት ባንዲራ ደርድሯል።

4ኛው እልል አለ። 5ኛው ይህ በትምህርት ቤት አለመሰጠቱ ቆጨው። 6ኛው በጣም በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የወሬውስ ይሁን፣ ዓሣ ሻጩ ለዓሣው ምን ይነግረዋል? እኔ ባቡር ውስጥ ሆኜ ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። 7ኛው ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና አለ ከተባለማ፣ እንግሊዞች መወራረድን ቤት የሚሉት ከእኛ ቤት ወስደው ነው፣ ኒው፣ ማለትም አዲስ፣ የሚሉትም ነው ከሚለው ቃላችን የወጣ ነው አለ። ከዚያም ሰውየውን አርፈህ ተኛ አለው። 3ኛው ሰው በ8ኛው መልስ ተመልሶ 7ኛውን ፈረንጅ አምላኪ አለው። 9ኛው መልስ የአድሚኑ ነው፤ በቃል እንጂ በሰው አትምጡ ይላል።

በዚህ መሃል አንድ አባት ገቡ። ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። 10ኛው መልስ የእሳቸው ነው። ማንንም አልነኩም። የዛሬ ሺህ ዓመት በነበረው እንግሊዝኛ ነጋዴ ማንጌሬ ይባል እንደነበር፣ መነገድም ማንጊያን እንደነበር ጻፉ። ብረትም ያኔ ከአንድ በላይ ስም ነበረው፣ ኢሬንም ኢሴንም ይባል ነበር። ኢሴን ከሚለው የተሠራው አይዝሞንገር የሚባል የቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ አለ አሉ።

ቀጥለው ስለ አንድ መነኩሴ ነገሩን። ኤልፍሪክ ይባላል። በ1000 ዓ.ም. ገደማ ልጆች ላቲን እንዲማሩ ብሎ የጥያቄና መልስ ጽሑፍ አዘጋጀ። አራሹ፣ አዳኙ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አንጥረኛው በየተራ ስለ ሥራቸው ይጠየቃሉ። በላቲኑ ላይ የእንግሊዝኛ ፍቺ ተጽፎበታል፤ እዚያ ላይ ነጋዴው ማንጌሬ ነው። ዕቃዬን መርከብ ላይ ጭኜ ባሕር እሻገራለሁ ይላል። ሐር፣ ዕንቁ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ መዳብ፣ ቆርቆሮ፣ ድኝና ብርጭቆ ያመጣል። ጠያቂው ታዲያ በገዛህበት ዋጋ ትሸጥልናለህ? ይለዋል። ነጋዴውም አላደርገውም፣ እንዲያማ ከሆነ ድካሜ ምን ጠቀመኝ? ብሎ ይመልሳል። ጋሼ ይህን ሲተርኩ መርካቶ ቆሜ ዋጋ የምከራከር መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ለ3ኛው ሰው አንድ ማጽናኛ ጨመሩለት። አማርኛና እንግሊዝኛን ማወዳደር ከፈለግህ ልጄ፣ መንገርን ተወውና ነጋዴን ያዝ አሉት። በግእዝ ነገደ ማለት መነገድም መጓዝም ነው፤ እንግዳ የሚለው ቃል ራሱ የዚሁ ዘመድ ነው። የእኛም ነጋዴ እንደ ኤልፍሪክ ነጋዴ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ነበር።

11ኛ መልስ የ3ኛው ሰው ነው። ጋሼን ከልቡ አመስግኗል። አቋሙ ግን አልተቀየረም።

12ኛ መልስ ጋሼ ካቆሙበት ይቀጥላል። ጸሐፊው ሮም ነው የሚኖረው፤ በዚህ ርዕስ ላይ ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም። ማንጌሬ ራሱ እንግሊዝኛ አይደለም አለ። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከሮማውያን ጋር ሲገበያዩ የቀሰሙት የላቲን ቃል ነው፤ ማንጎ።

13ኛው እንደምትገምቱት ነው። የምንበላው ማንጎ? ሲል ጠየቀ። 14ኛው ሳይቆጣ አስረዳው። ፍሬው ሌላ ነው፤ ከደቡብ ሕንድ ቋንቋ በፖርቱጋሎች በኩል ወደ አውሮፓ የገባ ስም ነው። ከላቲኑ ጋር በድምፅ ብቻ ተገናኙ። 7ኛው ሰው ይህን አይቶ ተመልሶ መጣና የሳቅ ምልክት ብቻ ጥሎ ሄደ። እንደ መልስ ስላልተቆጠረለት ቅር ብሎት ይሆናል።

15ኛ መልስ የሮሙ ሰው ነው፣ የዘለለውን ሊጨምር። ባይጨምረው ይሻል ነበር የሚል አለ፤ እኔ ግን ጨመረ ብዬ ደስ ብሎኛል። የላቲኑ ማንጎ ዝም ብሎ ነጋዴ አልነበረም። በተለይ ባሪያ ሻጩን ነበር እንዲህ የሚሉት። ሻጩ ጉድለቱን ደብቆ፣ ቀባብቶና አሳምሮ ዕቃውን ከሆነው በላይ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው ነው። ሊቃውንት ቃሉን ማንጋኖን ከሚለው ግሪክኛ ጋር ያዛምዱታል፤ እሱም ዘዴ፣ ማታለያ፣ ድግምትም ማለት ነው። ድንጋይ የሚወረውረው የጥንት የጦር መሣሪያ፣ ማንጎኔል፣ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የልብስ መጭመቂያው ማንግልም እንደዚሁ።

16ኛዋ ተቆጣች። በየቀኑ የማልፍበት ሱቅ ግንባሩ ላይ የባሪያ ነጋዴ ስም ተሸክሟል ማለት ነው? አለች። እኛ ጥቁሮች ይህን አይተን ዝም ልንል ነው? 17ኛው መለሰላት። ቃል ከ2000 ዓመት በፊት የነበረውን ትርጉም ተሸክሞ አይኖርም፣ ጋሼ እንዳሉት እንግሊዝ አገር ሲደርስ ነጋዴ ብቻ ሆኖ ነበር አለ። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን ስሜታዊ አትሁኚ፣ ሄደሽ አንብቢ ብሎ ጨመረበት። ልክ የሆነ ሰው ልክነቱን የሚያበላሸው እንዲህ ነው። እሷም በ18ኛው መልስ ለአንባቢ ሰው አፍህ አይጣፍጥም አለችው። እሷም ልክ ነበረች።

19ኛ መልስ ስድስት መስመር ናት፤ እንደ እኔ የክሩ ምርጥ መልስ ናት። ማን እንደጻፋት እንኳ ልብ ያላት የለም። የጥያቄህ መልስ እዚህ ነው ትላለች። ከ1500ዎቹ ወዲህ በሞንገር የተሠሩ አዳዲስ ቃላት ስድብ ናቸው ማለት ይቻላል። ጦር የሚነግድ፣ ወሬ የሚነግድ፣ ፍርሃት የሚነግድ። መነገድ የማይገባውን የሚነግድ ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን፣ የዓሣው፣ የአይቡና የብረቱ፣ ንጹሕ ሆነው ቀሩ፤ ታፔላ ላይ ተጽፈው ስለነበር ማንም አልነካቸውም። እኔ ዋርሞንገርን ይዤ ወደ ሱቁ መሄዴ ነበር ስህተቱ፤ ከሱቁ ተነስቼ ወደ ዜናው መምጣት ነበረብኝ።

20ኛው መልስ ሌላ ሞንገር አመጣ፣ ኮስተርሞንገርን። ኮስታርድ የድሮ ትልቅ የፖም ዓይነት ነው። ኮስተርሞንገር መጀመሪያ ፖም ሻጭ ነበር፤ በኋላ በለንደን ጎዳና ጋሪ እየገፋ፣ እየጮኸ ፍራፍሬና አትክልት የሚሸጠው ሁሉ በዚሁ ተጠራ። 21ኛው ከአዲስ አበባ ሆኖ ይሄማ የእኛው ቆራሌው ነው አለ። ልዩነታቸው ያኛው ይሸጣል፣ የእኛው ይገዛል። ስሙም ከጩኸቱ ነው የወጣ፤ ቆርቆሮ ያለው ሲሉ ሲሉ ቃሉ አለቀና ቆራሌው ቀረ። ሰውየውም ዕቃውም ጩኸቱም አንድ ስም ሆኑ።

22ኛው እዚህ ላይ ከርዕሱ መሸሽ ጀመረ። ልጅ ሳለ የአባቱን የክት ጫማ አሮጌ መስሎት ለቆራሌው ሰጥቶ፣ አባቱ ለሰርግ ሲዘጋጁ የሆነውን አጫወተን። ገንዘቡን ማስቲካ ገዝቶበታል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ከብረት ጋር አይገናኝም።

23ኛው መልስ ወደ ለንደን መለሰን። ጸሐፊው የከተማውን የድሮ ማኅበራት ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል። የብረት ነጋዴዎቹ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። የንጉሥ ፈቃድ ያገኘው በ1463 ከአራተኛው ኤድዋርድ ነው። ከለንደን ማኅበራት መካከል ታላላቆቹ አሥራ ሁለት የሚባሉ አሉ፤ እሱ በክብር ተራ 10ኛው ነው። ዓርማው ላይ ሳላማንደር አለ፤ በድሮ ሰዎች እምነት እሳት የማያቃጥለው እንስሳ ነው። ማኅበሩ ግን ከፈቃዱ በፊትም ነበር። በ1300 ከሳሽ ሆኖ ቀርቧል። ከኬንትና ከሰሴክስ ደኖች ለጋሪ ጎማ የሚለበጥ ብረት የሚያመጡ አንጥረኞች ብረቱን ከልማዱ አሳጥረው አመጡ ብሎ ከሰሰ። ትክክለኛውን ርዝመት የሚያሳይ የመለኪያ ዘንግም ተሠራ። ከሁሉ የገረመኝ ያኔ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ፌሮነር ይባሉ ነበር።

24ኛው መልስ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አዲስ አበባ ግንባታ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ፌሮ! ብሎ ጀመረ። ፌሮ እኮ በየሳይቱ የምንለው ነው፤ አሳሪው ደግሞ ፌራዮ ነው። 23ኛው አረጋገጠለት። የእኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ የእነሱ ከድሮ ፈረንሳይኛ፤ የሁለቱም አያት የላቲኑ ፌሩም ነው። ሳሪስ ያለ ፌራዮና የ1300ው የለንደን ብረት ነጋዴ በስም የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህችን ከመድረኩ ውጭ ለስንት ሰው እንደነገርኩ አልናገርም።

መሐንዲሱ አላበቃም። አይረንሞንገሪ የሚለውን ቃል በየቀኑ እንደሚጽፈው ነገረን። የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሲዘጋጅ በር ከነሙሉ አይረንሞንገሪው ተብሎ ይሞላል፤ ማጠፊያ፣ እጀታ፣ ቁልፍና መቀርቀሪያ ማለት ነው። ለዓመታት ሲጽፈው ሱቅ ይሁን ሰው ይሁን ጠይቆ አያውቅም። 25ኛዋ ከማንችስተር ሆና እንግሊዝ አገርም ቃሉ በደንብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው አለች። ሱቁ ሃርድዌር ቢባልም የበርና የመስኮት ብረት የሚመርጠው ባለሙያ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ከ1961 ጀምሮ የራሱ የሙያ ማኅበር አለው።

26ኛው መልስ ነገር ቆሰቆሰ፣ በደግ መንገድ። ብረት ሻጮቹ 10ኛ ከሆኑ ብረት ቀጥቃጮቹ ስንተኛ ናቸው? አለ። ራሱ መለሰ፤ የለንደን አንጥረኞች ማኅበር 40ኛ ነው። እሳት ላይ የሚቆመው ከኋላ፣ ቆጥሮ የሚሸጠው ከፊት። ከዚያም ወደ አገር ቤት ዞረ። እኛ ጋ ባለእጁን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን፣ ማረሻውን ግን ከእጁ ተቀብለን ስናርስ ኖርን። ቢያንስ እነሱ ለአንጥረኛው ማኅበርና አዳራሽ ሰጡት አለ።

27ኛው አልወደደውም። የነጮቹን ጓዳ ሲነኩብህ የእኛን ገበና ታወጣለህ አለው። 28ኛው ደግሞ 27ኛውን፣ ገበናው እውነት ነው ወይስ ውሸት? ብሎ አፋጠጠው። 29ኛዋ ልቤን ነካችው። አባቷ ባለእጅ ነበሩ። ጎረቤት ማጭድ ሊያሠራ ሲመጣ ከደጅ ይቆም ነበር፤ ቡና ሲጠራ ግን አይገባም። ከዚህ በላይ ምንም አላለችም። ለአንድ ቀን ያህል ክሩ ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበረው 30ኛው መልስ ነው፤ ስለ መዋኛ። አይረንሞንገር ሮው የሚባል ቦታ አለ ሲሉት የብረት ሱቅ የሚያገኝ መስሎት ኢዝሊንግተን ድረስ ሄዷል። ያገኘው የሕዝብ መዋኛና የቱርክ መታጠቢያ ነው። ቤቱ መጀመሪያ የተከፈተው በ1931 ነው፤ መዋኛውና የቱርኩ መታጠቢያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ብሎን ሊገዛ ሄዶ እንፋሎት ገብቶ ወጣ። 31ኛው አረመው። የድሮው የብረት ነጋዴዎች ሠፈር አይረንሞንገር ሌን ነው፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ ከቺፕሳይድ የሚገነጠል ጠባብ መንገድ። ቺፕሳይድ ራሱ ገበያ ማለት ነው። ቺፕ ዛሬ ርካሽ ይባል እንጂ ድሮ ግብይት ነበር፤ ጥሩ ግብይት ሲሉ ሲሉ ጥሩው ቀረና ርካሹ ተረፈ። እሱም ቢሆን ከላቲን የተወሰደ ነው፣ ቸርቻሪና የማደሪያ ቤት ባለቤት ከሚለው ቃል። ሰሜኖቹ የመግዛት የመሸጥ ቃላቸውን ሁሉ ከሮማውያን ነው እንዴ የለቀሙት? ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም የምመልሰው የለኝም።

32ኛው ከቨርጂኒያ ነው፤ አናጢ ነው። የእናንተ ሞንገር ቀላል ነው፣ የእኔን ፍቱልኝ አለ። የሚገዛው የምስማር ካርቶን ላይ 16 ተብሎ ከጎኑ ዲ የምትል ፊደል ተጽፋለች። አለቃው ሲክስቲን ፔኒ ይለዋል። ፔኒ በስንት ሳንቲም ልቁጠረው? ለካ ይሄም የእንግሊዝ ብረት ነጋዴዎች ቋንቋ ኖሯል። 23ኛው የማኅበር ታሪክ አዋቂ ፈታለት። በ1400ዎቹ እንግሊዝ ምስማር በመቶ ነበር የሚሸጠው። መቶው በ10 ፔኒ የሚሸጠው ባለ አሥር ፔኒ፣ በ16 የሚሸጠው ባለ አሥራ ስድስት ተባለ። ዋጋው በኋላ ተለወጠ፣ ስሙ ግን ምስማሩ ላይ ተመትቶ ቀረ። አሁን ርዝመት ነው የሚናገረው። አሥሩ ሦስት ኢንች፣ አሥራ ስድስቱ ሦስት ተኩል ኢንች ነው። ዲ የሮማ ዲናር የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ እንግሊዞች እስከ 1971 ድረስ ፔኒን የሚያሳጥሩት በእሷ ነበር። የሚገርመው ምስማሩን በዚህ ስም የሚጠሩት ዛሬ አሜሪካኖቹ መሆናቸው ነው።

33ኛው አሳጠረው። እኛ ባለ ስምንት ብለን በሴንቲ ጠርተን በኪሎ እንገዛለን፣ ተገላገልን አለ። 34ኛዋ ከእስራኤል ነው የምትጽፈው። በዕብራይስጥ ምስማር ማስሜር ነው፣ በዓረብኛ ሚስማር። ስለዚህ ነጋዴውን አታገኙትም እንጂ ምስማሩን የትም ብትሄዱ ታገኙታላችሁ አለች። 35ኛ መልስ የ3ኛው ሰው ነው። ሁለቱም ከግእዝ ወስደው ነው አለ። በዚህ ጊዜ የተከራከረው የለም። ሰውየውን ወደነው ነበር መሰለኝ።

36ኛው ስለ አንድ የ1976 የቢቢሲ ቀልድ ነው። እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ገዢው አይረንሞንገር ሱቅ ገብቶ ፎር ካንድልስ ይላል፤ ሻጩ አራት ሻማ ያወጣል። ገዢው የፈለገው ግን የመንሽ እጀታ ነው፣ ፎርክ ሃንድልስ። ሲጠሩት አንድ ነው። እንዲህ እያለ ሻጩ እስኪያብድ ይቀጥላል። 37ኛው ይሄማ ኅብረ ቃል ነው፣ ሰሙ ሻማ ወርቁ እጀታ አለ። ሰሙ ሻማ! እኔ ብሆን ለዚህች ብቻ ሽልማት እሰጥ ነበር።

38ኛው መልስ የመጣው 16ኛዋ እህት የጠየቀችው ሳይመለስ ቀርቷል ብሎ ነው። ስለ ባሪያው ንግድ። የ23ኛው ሰው ነው እንደገና። ከማኅበሩ አባላት አንዱ ቶማስ ቤተን የሚባል ከቱርክ ጋር የሚነግድ ሀብታም ነበር። በ1723 በጻፈው ኑዛዜ ሀብቱን ለማኅበሩ ተወ። ከገቢው ግማሹ በየዓመቱ በቱርክና በሰሜን አፍሪካ የተያዙ እንግሊዛውያን ባሮችን ለማስፈታት እንዲውል አዘዘ። የብረት ነጋዴዎቹም ለብዙ አሥርት ዓመታት ባሮችን ሲዋጁ ኖሩ። በ1816 እንግሊዞች አልጀርስን ከደበደቡ በኋላ የሚዋጅ ሰው እየጠፋ መጣ፣ ገንዘቡም ተከመረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ አብዛኛው ለትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ተወሰነ። በባሪያ ነጋዴ ስም የሚጠሩ ሰዎች ባሪያ ሲያስፈቱ ኖሩ ብሎ ጨረሰ።

39ኛዋ እሷው ናት፣ 16ኛዋ። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን አለችው። አንብባ ነበር የመጣችው። ያስፈቱት የራሳቸውን ሰው ነው፤ የእኛን ሰው የሚሸጡትስ? ሮበርት ጄፍሪን አስታወሰችው። የዚያው ማኅበር አለቃ የነበረ፣ የለንደንም ከንቲባ የነበረ፣ ከሀብቱ ከፊሉን ከአፍሪካ ባሪያ ንግድ ያገኘ ሰው ነው። በኑዛዜው ማኅበሩ በ1714 ሾርዲች ላይ ለድሆች አረጋውያን ቤቶች ሠራ። ዛሬ ቤቶቹ የመኖሪያ ቤት ታሪክ ሙዚየም ናቸው፤ ግንባሩ ላይ ስላለው ስለ ጄፍሪ ሐውልት በ2020 ሕዝብ ተጠይቆ ነበር፣ ሙዚየሙም ያኔ ሐውልቱ እንዲቆይ ወሰነ። እኔም በዚያ አልፋለሁ፤ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። 17ኛው፣ አንብቢ ብሏት የነበረው፣ የወደድኩት ምልክት ተጭኖ በዝምታ አለፈ።

40ኛው ከዱባይ ነው። ብረት የምትነግዱ ሰዎች ናችሁ ብሎ ስላሰበ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራበት መሰርሰሪያ እንዳለው፣ ዋጋው እንደሚስማማ ገለጸ። አድሚኑ እስካሁን አላጠፋበትም።

41ኛዋ የመጀመሪያዋ ናት፣ የሊድሷ እህት። ሁሉንም አንብባ መጣች። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ ማጠፊያውን ገዛህ ወይ?

አልገዛሁም። ታፔላውን ፎቶ ሳነሳ ሱቁ ተዘጋብኝ። በሩ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው፤ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ አስሬዋለሁ።